ሁለተኛው ገቢ፦ ሀና ማርያም ላይ የሹፌርነት ሥራ ለሚጀምር

ሹፌርነት ገንዘቡን በየቀኑ ይሰጣል፣ የቤት ኪራይ ግን በወር አንዴ ይጠይቃል። የሹፌርነት ሥራ ጀምረው የሚወድቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መንዳት አቅቷቸው አይደለም። የዕለቱን ብር ወር ድረስ ማቆየት ስለሚያቅታቸው ነው። ማታ ኪስ ሙሉ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ አከራይ በር ላይ ቆሟል፣ ኪሱ ደግሞ ባዶ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው መሪውን ከመልመዱ ጋር እኩል ሒሳቡን መልመድ አለበት። በተለይ ቤቱ ካሁኑ ያልተረጋጋ፣ ወይም ኪራይ ጨምረው ሊያስወጡኝ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው።

ሀና ማርያም ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከቀለበት መንገዱ በስተደቡብ ወደ ፉሪ የሚዘልቀው ይህ አካባቢ የእርሻ መሬት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የመሃል ከተማው ኪራይ የገፋው ሰው ወደዚህ ወረደ፤ ከገበሬ ላይ በውል መሬት ገዝቶ ያለ ካርታ ጎጆ የቀለሰም ብዙ ነበር። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ቀርሳ ኮንቶማ በሚባለው ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ያኔ ቤቱን ያጣ ሰው ተመልሶ ተከራይ ሆነ፤ አንዳንዱ እዚያው ጎረቤት ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ ቀረ። በአንጻሩ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞና ኃይሌ ጋርመንት እየሞሉ ስለሄዱ በየጠዋቱ ወደ ሳሪስ፣ ወደ ቄራ፣ ወደ ሜክሲኮ የሚጓዘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ቤት ያሳጣው የከተማ መስፋፋት የመጓጓዣ ሥራም ፈጥሯል። አንድ ሰው ወደዚህ ሥራ ቢያይ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ደረጃ መንጃ ፈቃድ ነው። የትኛውን ማውጣት እንዳለባችሁ የሚወስነው ደግሞ ልትሠሩ ያሰባችሁት ሥራ ነው። ነባር ሹፌሮች አሁንም «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ አለኝ» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ያ የድሮው አከፋፈል ነው። አሁን የሚሠራው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነት ይለየዋል፦ ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት። የሕዝቡም የጭነቱም እንደ ወንበሩ ብዛትና እንደ ክብደቱ በየደረጃው ይከፈላል። በአነጋገር ሕዝብ 1፣ ሕዝብ 2፣ ደረቅ 1፣ ደረቅ 2 የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሚኒባስ ታክሲ ለመያዝ የሚያስብ ሰው የሚፈልገው ሕዝብ 1 ነው። በአውቶሞቢል ፈቃድ የቤት መኪና እንጂ ሚኒባስ አይነዳም። ገንዘብ የቸገረው ሰው «ለጊዜው ርካሹን ላውጣ፣ በኋላ አሳድገዋለሁ» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲከፍል ይታያል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሥራውን ምረጡ፤ ለዚያ ደረጃ ምን ዕድሜና ምን ትምህርት እንደሚጠየቅም ማሰልጠኛው ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት እንዲነግራችሁ አድርጉ። ለሀና ማርያም ሰው የመሥሪያ ቤቱ የቃሊቲ ቅርንጫፍ ቅርብ ነው።

ከዚያ የዓይንና የጤና ምርመራ አለ፣ የማሰልጠኛ ተቋም ትምህርት አለ፣ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ በመጨረሻም የተግባሩ። ብዙ ሰው የሚፈራው ስምንት ቁጥሩንና ዳገት ላይ አቁሞ መነሳቱን ነው፤ ሁለቱም በልምምድ የሚገቡ ናቸው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ሳትፈተኑ መንጃ ፈቃድ አስወጣላችኋለሁ የሚል ደላላ በየአካባቢው አይጠፋም። ችግር ላይ ላለ ሰው አቋራጩ ያጓጓል። ነገር ግን ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው የሚያስገድድ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 799/2005 ነው። አንድ ቀን ሰው ቢጎዳ ሁሉም ነገር የሚመረመረው ከመንጃ ፈቃዱ ተነስቶ ነው። ፈቃዱ የማይረባ ከሆነ መድን ድርጅቱ የከፈለውን ካሳ መልሶ ከሹፌሩ ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚያ ላይ የወንጀል ክስ ይከተላል። ቤት ኪራይ ያሳሰበው ሰው ከዚህ የከፋ ዕዳ ሊገባበት አይችልም።

ፈቃዱ እጅ ከገባ በኋላ መኪና ማን ይሰጣል? ባለንብረት አዲስ ሹፌርን አያምንም፤ ልክም ነው። ከሚኒባስ ሹፌሮች ብዙዎቹ በረዳትነት የጀመሩት ለዚህ ነው። ረዳት የነበረ ሰው የትኛው ፌርማታ በስንት ሰዓት ሰው እንደሚያበዛ፣ ተራ አስከባሪውን እንዴት እንደሚያናግር፣ ታፔላው ላይ የተጻፈውን መስመር ጥሎ አቆራርጦ መጫን ምን እንደሚያስቀጣ ያውቃል። ሁለተኛው መግቢያ መደበኛው ሹፌር ሲያርፍ ወይም ሲታመም ተክቶ መሥራት ነው። ገቢው የተቆራረጠ ቢሆንም ባለንብረቶች የሚያውቋችሁ በዚህ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህን መንገድ ነው፤ የራስን መኪና የመግዛት ሕልም ለጥቂት ዓመት ይቆይ።

የታክሲ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ማታ መኪናው ከቆመ በኋላ ያለውን ማየት ይበቃል። የውስጥ መብራቱ በርቷል። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ በጣቶቹ መሃል አጥፎ የያዘውን ብር እየዘረጋ አሥሩን ከአሥር፣ ሃምሳውን ከሃምሳ፣ መቶውን ከመቶ ይለያል። መጀመሪያ የነዳጁ ይነሳል፤ ነዳጁን ሙሉ አድርጎ ማደር የብዙዎቹ ስምምነት ነው። ቀጥሎ የባለንብረቱ ገቢ ይቆጠራል። ይህ ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ሰው ቢጠፋ አይቀንስም። ከዚያ የረዳቱ ድርሻ፣ የተራው፣ የምሳው፣ የእጥበቱ፣ ጎማ ፈንድቶ ከሆነ የጎሚስታው። ቅጣት ካለ የሚከፍለው ሹፌሩ ነው። የቀረው የእርሱ ነው። አንዳንድ ቀን ደህና ነው፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሹፌሩ የባለንብረቱን ገቢ በፍጹም አይነካም። ቢርበውም አይነካም፤ ከነካ በማግስቱ ቁልፉን ይቀማል። ይህን ጥብቅነት ለቤት ኪራዩም ማድረግ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር። አከራዩን እንደ ሁለተኛ ባለንብረት ቁጠሩት፤ የእርሱም ገቢ በየማታው፣ ከምሳም ከሻይም በፊት ይነሳ። ለምሳሌ ያህል ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው እንበል። ለ30 ቀን አትከፋፍሉት፤ እሑድ አለ፣ መኪናው ጋራዥ የሚገባበት ቀን አለ፣ የነዳጅ ሰልፍ ላይ የሚባክን ቀን አለ። በ22 የሥራ ቀን ስትከፍሉት በቀን 273 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ ብር በየማታው በቴሌብር ወይም በባንክ ለብቻው ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ደህና የተሠራ ቀን እጥፉን አስገቡ፣ ባዶ የሚዋልበት ቀን መምጣቱ አይቀርምና።

የዕለት ዕቁብም ለሹፌር የተሠራ ይመስላል፤ ያቺ ትንሽ ብር ጠርቀም ብላ ትመለሳለች። ግን ዕቁቡን ለኪራይ አታድርጉት። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፣ የኪራዩ ቀን ግን ይታወቃል። ዕቁቡ ለመንጃ ፈቃድ ማሳደጊያ፣ ለሕመም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ይሁን።

አሁን ወደ ቤቱ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ሰጥቷል፤ ብዙ ተከራይ ግን አልተጠቀመበትም። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ይህ ለሹፌር ትልቅ ነገር ነው፤ ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ቢያንስ ወጪው እንዳይዋዥቅ ያስፈልገዋል። አከራዩ ቢያቅማማም ጉዳዩን በጨዋ ቋንቋ፣ ሽማግሌ አስገብታችሁም ቢሆን ተነጋገሩበት። «እማማ፣ ውሉን ወረዳ ሄደን እናስመዝግበው፣ ለእርስዎም ዋስትና ነው» ማለት ጠብ አይደለም።

የራስን መኪና ለመግዛት አትቸኩሉ ያልኩበት ምክንያት ደንቦች ሳይታሰብ ስለሚለወጡ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ፤ በሞተር እየሠራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣት በአንድ ጊዜ ከሥራ ውጭ ሆነ። ባጃጆች ደግሞ ከየካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ አገልግሎት እንዳይሰጡ ታገዱ። ነዳጁም እንዲሁ ነው፦ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረ ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ መኖሩ አቃልሎታል፣ አላጠፋውም። ይህ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ እዚያም በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተማው በቀጠና ይታሰብ የነበረውን ሒሳብ ወደ ቆጣሪ ሲቀይረው ገቢያቸው ተናግቶ ብዙ ተሟግተዋል። ተቀጥሮ የሚነዳ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሥራ ያጣል፤ በዕዳ የገዛ ሰው ግን ሥራውንም ያጣል፣ ዕዳውም ይቀጥላል።

በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ፈረስ ያሉት፣ ለአውቶሞቢል ፈቃድ ባለቤት በር ከፍተዋል። መኪናው ግን የሌላ ሰው ከሆነ ሒሳቡ ያው የሚኒባሱ ነው፤ ገቢ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ በላዩ የድርጅቱ ኮሚሽን ይጨመራል።

ቤቱ በጣም ላልተረጋጋበት ሰው ከሁሉም የተሻለ የምለው የወር ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፦ የአውቶቡስ ድርጅት፣ የሠራተኛ ወይም የተማሪ ሰርቪስ፣ የፋብሪካ ጭነት መኪና። ብሩ ከጥሩ የታክሲ ቀን ያንሳል። ነገር ግን ደመወዙ ከኪራዩ ጋር እኩል በወር ይመጣል፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት የሚገባ የታክሲ ሹፌር እነዚህን አያውቃቸውም። ድካሙ ደግሞ መሪ ላይ እንቅልፍ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ በቀላሉ የምናየው ነገር መሆን የለበትም።

ጥቂት ዓመት ሠርታችሁ ስም ካገኛችሁ በኋላ አንድ ባለንብረት «ገቢውን እየከፈልክ ቆይ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናው ያንተ ይሆናል» ሊላችሁ ይችላል። መልካም ዕድል ሊሆን ይችላል። ከመጨባበጣችሁ በፊት ግን ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ ይዞት እንደሆነ፣ ቦሎውና መድኑ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። ሞተር ቢወርድ፣ ካምቢዮ ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ፣ መኪናው ጋራዥ በቆየበት ቀን ገቢ ይከፈል አይከፈል፣ ባለንብረቱ ቢሞት ወራሾቹ በምን እንደሚገደዱ በውሉ ላይ ይጻፍ። በጽሑፍ አልሰጥም ካለ የሹፌርነቱን ሥራ ብቻ ቀጥሉ፤ ከገቢው በላይ አንድ ብር አትጨምሩለት።