ማንም ያልያዘው ተጫዋች

አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ የሚኖር ሰው ማርች ሲገባ ከሥራ ባልደረቦቹ አንድ ግብዣ ሊደርሰው ይችላል፤ ዘንድሮ ፋንታሲ ቤዝቦል አብረን እንጫወት የሚል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ የሚያውቅ አንባቢ መሠረቱን ቶሎ ይይዘዋል፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ እርስዎ ነጥብ ያገኛሉ። ልዩነቱ ያለው ባለቤትነቱ ላይ ነው። በእንግሊዙ ፋንታሲ አንድን አጥቂ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። በቤዝቦሉ ግን አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ የአንድ ማናጀር ብቻ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። 12 ማናጀሮች እያንዳንዳቸው 23 ተጫዋች ቢይዙ 276 ይሆናል። ሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው 26 ተጫዋች ስለሚይዙ በጠቅላላው 780 ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከ500 የሚበልጡት ባለቤት የላቸውም። ነጻ ተጫዋች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የውድድር ዘመኑ 162 ጨዋታ ስለሆነ፣ በማርች የተመረጠው ቡድን ሳይጎዳና ሳይቀዘቅዝ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አይደርስም። ሊጉን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከተተዉት መካከል ሁለት ሦስት ሰው በጊዜ የለየ ማናጀር ነው።

ጨዋታውን በ1980 የጀመሩት ጸሐፊው ዳንኤል ኦክረንትና ጓደኞቹ ናቸው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ይገናኙበት በነበረ ምግብ ቤት ስም ሮቲሰሪ አሉት። ዛሬ የተለመደው ስሌት አሥር ዘርፎች አሉት። ለመቺዎች ረን (የገባ ነጥብ)፣ ሆም ረን (ከአጥር ውጭ የወጣ ምት)፣ አርቢአይ (በምቱ የገባ ረን)፣ የተሰረቀ ቤዝና የመምታት አማካይ ይቆጠራሉ፤ ለወርዋሪዎች ደግሞ ድል፣ ሴቭ፣ ስትራይክአውት፣ ኢአርኤ (በየዘጠኝ ኢኒንግ በወርዋሪው ላይ የሚቆጠሩ ረኖች) እና ዊፕ (በአንድ ኢኒንግ በምት ወይም በነጻ ቤዝ የሚያገኙ መቺዎች)።

ነጻ ተጫዋች ማንሳት ሲታይ ቀላል ነው። ሰኞ ጠዋት ስልክዎን ሲከፍቱ ባለፈው ሳምንት አራት ሆም ረን የመታ ሰው ከዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጧል፤ እጅዎ ወደ ቁልፉ ይሮጣል። ያ አራት ሆም ረን ግን አልፏል፤ ለእርስዎ ሰባራ ነጥብ አይጨምርም። መጠየቅ የሚገባው ይህ ሰው ላይ ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ጉልበቱ፣ ስልቱ ወይም በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታ ከተለወጠ ነገም ሊደግመው ይችላል። ምንም ካልተለወጠ ያዩት ዕድልን ነው።

ሁለት ሰዎችን ላሳይዎ። የዲትሮይት ታይገርሱ ክሪስ ሼልተን የ2006ን ውድድር ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ 13 ጨዋታዎች 9 ሆም ረን መታ። አገር ጉድ አለ። በዚያ ኤፕሪል እሱን ያገኘ ማናጀር ሁሉ ሎተሪ የደረሰው መስሎት ነበር። ከዓመት በፊት ግን ይኸው ሰው በ107 ጨዋታ የመታው 18 ብቻ ነው። ኤፕሪልን በ10 ሆም ረን ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የጨመረው 6 ነው። በጁላይ መጨረሻ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ቶሊዶ ተላከ።

ሆዜ ባውቲስታ ደግሞ በ2004 ብቻ በአምስት ክለቦች መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ ማንም አጥብቆ ያልፈለገው ሰው ነበር። በአንድ ዓመት ከ16 በላይ ሆም ረን መትቶ አያውቅም። ቶሮንቶ ሲደርስ አሰልጣኞቹ ሲቶ ጋስተንና ድዌይን መርፊ ዱላውን ማወዛወዝ የሚጀምረው ዘግይቶ እንደሆነ አሳዩት፤ ቀደም ብሎ ማወዛወዝ እንዲጀምር አደረጉት። በ2009 የመጨረሻ ሳምንታት ኳሱ ከአጥር ውጭ መውደቅ ጀመረ። በ2010 54 መታ፤ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። 54ቱን ማንም ሊገምት አይችልም ነበር። ነገር ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ምክንያት ነበረ፤ ምክንያቱን የፈለገ ሰው ሊያገኘው ይችል ነበር።

ምክንያት ፍለጋው ከቁጥሮቹ ይጀምራል፤ ሁሉም ቁጥር ግን በእኩል ፍጥነት አይታመንም። አንድ መቺ ስንት ጊዜ በስትራይክአውት እንደሚወጣ ወደ 60 ገደማ በሚሆኑ የመምቻ ተራዎች፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ፣ መልክ መያዝ ይጀምራል። የመምታት አማካዩ ግን ለዚያ አንድ ዓመት ሙሉ እንኳ አይበቃውም። ስትራይክአውት በወርዋሪውና በመቺው መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የተመታ ኳስ ግን ተከላካዩ የቆመበት ቦታ፣ ነፋሱና የሣሩ ጠባይ ሁሉ ይወስኑታል። ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ ወርዋሪዎች ኳሱ አንዴ ከተመታ በኋላ በሚሆነው ላይ ያላቸው ሥልጣን እጅግ ትንሽ መሆኑን ሲያሳይ ብዙዎች ለመቀበል ተቸግረው ነበር። ተመትተው ሜዳ ውስጥ ከሚቀሩት ኳሶች ለመቺ የሚሳካው በሊጉ አማካይ ወደ 0.300 ነው። አንድ መቺ ለሦስት ሳምንት 0.420 ላይ ቢቆይ ይወርዳል። ፈጣን ሯጭ ወይም ኳሱን አጥብቆ የሚመታ ሰው ግን ከአማካዩ በላይ ሊኖር ይችላል። አጥብቆ መምታቱን ለማወቅ ደግሞ መገመት ቀርቷል፤ ከ2015 ጀምሮ ስታትካስት የተባለው ሥርዓት በሁሉም ስታዲየሞች የእያንዳንዱን ኳስ ፍጥነት ይለካል። በሰዓት 95 ማይል፣ ማለትም 153 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሆነው ጠንካራ ምት ይባላል።

ከችሎታ ለውጥ ይልቅ ግን ቶሎ የሚታየው የቦታ ለውጥ ነው፤ ለጀማሪ እዚህ ላይ እንዲያተኩር እመክራለሁ። በዘጠነኛ ተራ ይመታ የነበረ ሰው ወደ አንደኛ ቢዛወር ችሎታው ምንም ሳይጨምር በዓመት ከ100 በላይ ተጨማሪ የመምቻ ተራ ያገኛል። ሴቭ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሴቭ በአብዛኛው የሚሄደው ጠባብ መሪነትን ይዞ ጨዋታውን ለሚዘጋው ለአንድ ክሎዘር ነው፤ እሱ ሲጎዳ ሀብቱ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ወራሹን ለመገመት ጥሩ ኢአርኤ ያለውን አይፈልጉ፤ ቡድኑ በአንድ ረን ሲመራ በስምንተኛው ኢኒንግ ማን እንደሚገባ ይመልከቱ። አሰልጣኙ የሚተማመንበት ሰው እሱ ነው።

ወርዋሪ ሲያነሱ የት እንደሚወረውርም ያጣሩ። የዴንቨሩ ኩርስ ፊልድ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ ከፍታ አይደለም፤ ለቤዝቦል ግን አየሩ ስለሳሳ የተመታው ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ የተወረወረውም እንደ ሌላው ቦታ አይታጠፍም። በሳምንቱ ሁለት ጊዜ የሚወረውር ሰው አግኝተው አንዱ ጨዋታ ዴንቨር ከሆነ ይተዉት።

ብዙ ሊጎች ለእያንዳንዱ ማናጀር ነጻ ተጫዋች የሚገዛበት ለዓመቱ 100 የጨዋታ ዶላር ይሰጣሉ፤ ዋጋው በታሸገ ኤንቨሎፕ እንደሚቀርብ ጨረታ በድብቅ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም እሑድ ማታ ይከፈታል። ገንዘቡን ለኦገስት ማቆየት ጥንቃቄ ይመስላል፤ እኔ ግን በኤፕሪልና በሜይ ቢያወጡት እመርጣለሁ። በኤፕሪል የተገኘ ቋሚ ተሰላፊ አምስት ወር ያገለግልዎታል፣ በኦገስት የተገኘው ግን ከሁለት ወር አያልፍም። ደግሞም የሚፈልጉትን ዘርፍ ያስቡ። በሆም ረን ሊጉን በሰፊው እየመሩ ሌላ ሆም ረን መቺ ቢጨምሩ ደረጃዎ ንቅንቅ አይልም፤ ቤዝ የሚሰርቅ ፈጣን ልጅ ግን ሁለት ሦስት ደረጃ ሊያሻግርዎ ይችላል።

ከባዱ ክፍል ማንን እንደሚለቁ መወሰኑ ነው። አዲሱን የሚያወዳድሩት ከቡድንዎ ደካማ ሰው ጋር ነው፤ ያን ደካማ ሰው በማርቹ ምርጫ በስንተኛ ዙር እንደወሰዱት ይርሱት። ከመልቀቅዎ በፊት ግን አዲሱን የመዘኑበትን ሚዛን ለእሱም ያውሉ። በሜይ 0.190 የሚመታ ሰው የስትራይክአውቱ መጠን እንደ አምናው ከሆነ፣ ኳሱንም እንደ አምናው አጥብቆ እየመታ ከሆነ፣ በቡድኑም ውስጥ ቦታውን ካልተነጠቀ፣ እሱ ላይም የተለወጠ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ትዕግሥት ያለቀባቸው ማናጀሮች በየሳምንቱ ይጥሉታል። ስለዚህ እሑድ ማታ ጨረታዎን ከማስገባትዎ በፊት፣ ከትኩሶቹ ዝርዝር ቀድመው በዚያ ሳምንት የተለቀቁትን ዝርዝር ይክፈቱ።