ያልተነሳ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ተጭኗል? ተረትና እውነታ

ላፕቶፕ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። መካሪው ግን ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ አላየም። ዊንዶውስ 7 ይሁን 11፣ ሊኑክስ ይሁን ማክ ሳይጣራ ዲስኩ ይጸዳል። የዓመታት ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ ሊቀርብ ቀናት የቀሩት የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ይህ ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ ሊቀር የሚችል ነው፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚናገረውን ቀድሞ ማንበብ ይቻላልና። ከማንበብ የሚያግዱን ጥቂት የተለመዱ እምነቶች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ «ካልተነሳ ምን እንደተጫነበት አይታወቅም።»

እውነታው፦ ዊንዶውስ ማንነቱን በፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ ፋይል ደግሞ ሲስተሙ ባይነሳም ይነበባል። ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ይበቃል። እዚያ ላይ «ኢ» የሚል ፊደል ተሰጠው እንበል። በውስጡ «ዊንዶውስ» የሚለው ፎልደር፣ ቀጥሎ «ሲስተም32»፣ ቀጥሎ «ኮንፊግ» ይከፈታል። እዚያ «ሶፍትዌር» የሚባል፣ ከስሙ በኋላ ነጥብም ሆነ ቅጥያ የሌለው ፋይል አለ። የምንፈልገው የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ክፍል እሱ ነው።

ይህን ፋይል፣ አጠገቡ ካሉት በዚያው ስም ከሚጀምሩ የሎግ ፋይሎች ጋር፣ ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ይቅዱ። ፎልደሩ የተጠበቀ ስለሆነ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ሬጅስትሪ ኤዲተርን ከፍተው «ሎካል ማሽን» የሚለውን ዋና ክፍል ይምረጡ፤ ሳይመርጡ ከቀጠሉ የሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይሠራ ይችላል። ከፋይል ሜኑ «ሎድ ሃይቭ» የሚለውን ይጫኑ፣ የቀዱትን ፋይል ያሳዩት፣ ከራስዎ ሬጅስትሪ የሚለይ ስም ይስጡት። በስሙ ሥር «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ ኤንቲ»፣ «ከረንት ቨርዥን» እያሉ ሲወርዱ የተጫነው ዊንዶውስ ዓይነት፣ እትምና የቢልድ ቁጥር ተዘርዝሮ ይገኛል። ሲጨርሱ ያንኑ ስም መርጠው «አንሎድ ሃይቭ» ይበሉ።

ተረት፦ «ዊንዶውስ 10 ብሎ ከጻፈ 10 ነው።»

እውነታው፦ ብዙ ባለሙያ ሳይቀር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ፕሮዳክት ኔም» የሚል መስመር አለ። ዊንዶውስ 11 በተጫነበት ዲስክ ላይ ይህ መስመር ዛሬም «ዊንዶውስ 10 ፕሮ» ወይም «ዊንዶውስ 10 ሆም» ብሎ ይገኛል፤ ማይክሮሶፍት መስመሩን አልለወጠውም። «ከረንት ቨርዥን» የሚለው ዋጋም በ10ም በ11ም 6.3 ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ እሱ የዊንዶውስ 8.1 ቁጥር ነው። «22ኤች2» የሚለው መጠሪያም ብቻውን አይበቃም፤ የ10ም የ11ም 22ኤች2 አለና።

የማይዋሸው «ከረንት ቢልድ» ነው። 7601 ከሆነ ዊንዶውስ 7 ሰርቪስ ፓክ 1 ነው። 9200 ዊንዶውስ 8፣ 9600 ደግሞ 8.1 ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 በ10240 ጀምሮ 19045 ላይ አብቅቷል። 22000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ነው፤ ለምሳሌ 22621 የእሱ 22ኤች2፣ 22631 23ኤች2፣ 26100 ደግሞ 24ኤች2 ነው።

ተረት፦ «የከርነሉን ፋይል ቨርዥን ማየት ይበቃል።»

እውነታው፦ በ«ሲስተም32» ውስጥ ያለውን የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ማየት ፈጣን ዘዴ ነው፤ 7ን ከ10፣ 10ን ከ11 በደንብ ይለያል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉትን ግን ሁልጊዜ አይለይም። «2004» ከሚባለው እስከ 22ኤች2 ያሉት የዊንዶውስ 10 ቨርዥኖች የተሠሩት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ አዲሶቹ ትንሽ ማብሪያ ፓኬጅ ብቻ ነው የተጨመረባቸው። ስለዚህ ሬጅስትሪው 19045 እያለ ከርነሉ 19041 ሊል ይችላል። ሁለቱ ሲለያዩ የሬጅስትሪውን ይመኑ።

ተረት፦ «ስቲከሩ ላይ ተጽፏል።»

እውነታው፦ ስቲከሩ የሚናገረው ስለ ማሽኑ ነው፤ ያውም ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው። በዊንዶውስ 7 ዘመን 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ከላፕቶፑ ሥር ይለጠፍ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን የፋብሪካው ቁልፍ ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ከዲስኩ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ዲስኩ ተቀይሮ፣ ሲስተሙ ሦስት ጊዜ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ይህ ብርቅ አይደለም።

የመጫኛ ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። «ኢንስቶል ዴት» የሚለው መስመር በእያንዳንዱ ትልቅ ማሻሻያ ይታደሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የተገዛበትን ወይም መጀመሪያ የተጫነበትን ቀን አድርገው አይውሰዱት።

ተረት፦ «ዲስኩን ሰክቶ ኮምፒውተሩን መጠየቅ ነው።»

እውነታው፦ «ዊንቨር» ወይም «ሲስተም ኢንፎ» ብለው ሲጽፉ የሚመልስልዎት የሚሠሩበት ኮምፒውተር ነው፤ የተሰካው ዲስክ አይደለም። ኮምፒውተሩን ከሊኑክስ ፍላሽ አስነስተው የከርነል ቨርዥን ሲጠይቁም የሚመጣው የፍላሹ ነው። ዲስኩ ላይ ሊኑክስ ካለ መልሱ የሚገኘው ከ«ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ካለው «ኦኤስ-ሪሊስ» ከሚባለው ፋይል ነው፤ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የስርጭቱን ስምና ቁጥር በግልጽ ይናገራል። የማክ ዲስክ ከሆነ «ሲስተም»፣ «ላይብረሪ»፣ «ኮር ሰርቪስስ» በሚለው መንገድ ወርዶ «ሲስተም ቨርዥን» የሚለውን ፋይል መክፈት ነው።

«ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ካዩም ልብ ይበሉ። ሲስተሙ ሲሻሻል አሮጌው የሚቀመጥበት ነው። መልሱን ከእሱ ውስጥ ከወሰዱ የቀድሞውን ሲስተም የአሁኑ አድርገው ይሄዳሉ።

ተረት፦ «ፎርማት አድርገኝ ካለ ባዶ ነው ማለት ነው።»

እውነታው፦ ከሁሉም የከፋው እምነት ይህ ነው። ዊንዶውስ የሊኑክስንና የማክን የፋይል አደረጃጀት በራሱ አያነብም፤ የማያውቀው ሲገጥመው «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» የሚል መልእክት ያመጣል። የገዛ ራሱ አደረጃጀት ሲበላሽበትም ይህንኑ ይላል። መልእክቱ የሚናገረው ዊንዶውሱ ማንበብ እንዳልቻለ ብቻ ነው። ፋይሎቹ እዚያው ሙሉ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ። «ካንስል» ይበሉና ዲስኩን ከሊኑክስ ፍላሽ ላይ ይዩት። ፎርማቱ አንዴ ከተጫነ፣ በተለይ ኤስኤስዲ ከሆነ፣ ፋይሎቹን መልሶ ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

ተረት፦ «ማየት ብቻ ምንም አይነካም።»

እውነታው፦ ይነካል። ዲስክ ሲሰካ ዊንዶውስ የራሱን ፎልደሮች ሊፈጥርበት ይችላል፤ ሬጅስትሪን በቀጥታ ከዲስኩ ላይ መጫንም ፋይሉን ሊለውጠው ይችላል። ቀድቶ መክፈቱን የመከርነው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፈጣን ማስነሻ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ከሌላ ሲስተም መጻፍ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከሊኑክስ ሲከፈት «ለንባብ ብቻ» በሚለው መንገድ ይከፈት። ዲስኩ የክስ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ መጻፍን በሚከለክል መሣሪያ ካልሆነ ባይነካ ይሻላል።

ተረት፦ «ባለሙያ ከሆነ የትኛውንም ዲስክ ይከፍታል።»

እውነታው፦ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የተቆለፈ ዲስክ ላይ ከላይ ያልነው ሁሉ የሚሠራው ከተከፈተ በኋላ ነው። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ቁልፉ እንዳለው እንኳ አያውቅም፤ በበርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ምስጠራው በራሱ ይበራል፣ ቁልፉም አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ኮምፒውተርዎ ደህና እያለ ዛሬውኑ ገብተው ይፈልጉት፣ ወረቀት ላይም ጽፈው ያስቀምጡት። ከተበላሸ በኋላ ቁልፉ ከሌለ ቨርዥኑ ብቻ ሳይሆን ፋይሎቹም አይገኙም።

ቨርዥኑን ማወቅ ብዙ ነገር ይወስናል። ለመጠገን የሚያገለግለው ፍላሽ ከተጫነው ሲስተም ጋር መስማማት አለበት። የሒሳብ ወይም የሕትመት ፕሮግራምዎ በአዲሱ ላይ ላይሠራ ይችላል። ዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የተገኘው ከእነዚህ አንዱ ከሆነ እሱኑ ከመጠገን ፋይሎቹን አውጥቶ ወደ አዲሱ መሸጋገር ሊሻል ይችላል።

ስለዚህ ላፕቶፕዎን ጥገና ቤት ሲያስረክቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተጫነው የትኛው ነው፣ የቢልድ ቁጥሩስ ስንት ነው? ዲስኩ ተቆልፏል ወይ? ፋይሎቼ ሌላ ቦታ ተቀድተዋል ወይ? ጥሩ ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም፤ መልሱንም ያሳይዎታል። ፎርማት የመጨረሻው እርምጃ ነውና ሦስቱም ሳይመለሱ ማንም እንዲጀምረው አይፍቀዱ።