የ9225 መሐላ፦ ፊሊፒንሳዊ ቤተሰብ በሁለት ፓስፖርት መካከል

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ቺካጎ በሚገኘው የፊሊፒንስ ቆንስላ ቀጠሮ ይዘው ከሚመጡት ባለጉዳዮች መካከል ኪሳቸው ውስጥ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለ፣ የተወለዱት ግን ኢሎኢሎ ወይም ፓምፓንጋ የሆነ ሰዎች አሉ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ለፊሊፒንስ ሪፐብሊክ ታማኝነታቸውን በመሐላ ያረጋግጣሉ፤ ይፈርማሉ፤ ሰነዳቸውን ይቀበላሉ። በቃ፣ አሜሪካዊነታቸውን ሳይለቁ እንደገና ፊሊፒንሳዊ ሆነዋል። የማመልከቻው ክፍያ 50 ዶላር ነው። የቋንቋ ፈተና የለም፤ ይህን ያህል ዓመት አገር ቤት ኑር የሚል ግዴታም የለም። በትውልድ ፊሊፒንሳዊ እንደነበሩ በልደት ምስክር ወረቀት፣ የሌላ አገር ዜጋ መሆናቸውን በዜግነት ሰነድ ካሳዩ ይበቃል።

ይህን የፈቀደው ሕግ ሪፐብሊክ አክት 9225 ይባላል። ፕሬዚዳንት ግሎሪያ ማካፓጋል አሮዮ የፈረሙት ኦገስት 29 ቀን 2003 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለሚምለው ሰው እንዲህ ገር የሆነው ሕግ ወደ ቤተሰቡ ሲዘልቅ ግን ይጠላለፋል። ማን ከማን ተወለደ የሚለው ብቻ አይበቃውም። መቼ ተወለደ? ያን ዕለት እናትና አባቱ የማን ዜጎች ነበሩ? መሐላው ሲፈጸም ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር? አንድ ማዕድ የሚቋደሱ ወንድምና እህት በእነዚህ ቀኖች ምክንያት በሕግ ፊት የተለያየ አገር ሰው ሆነው ይገኛሉ።

ከ2003 በፊት ነገሩ ቁርጥ ያለ ነበር። በ1936 በወጣው ኮመንዌልዝ አክት 63 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ፊሊፒንሳዊ የራሱን ያጣል። አሜሪካ በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጓን ስታሻሽል ፊሊፒንሳውያን ነርሶች፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች በብዛት መግባት ጀመሩ። ግሪን ካርድ ለመኖርና ለመሥራት ይበቃል፤ እናትና አባትን፣ ወንድምና እህትን ለማስመጣት ግን ሲቲዝን መሆን ግድ ነው። ለወንድምና ለእህት የሚቀርብ ማመልከቻ ደግሞ ከፊሊፒንስ ሲሆን ወረፋው ከ20 ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ የዘገየ የባሰ ይዘገያል። ስለዚህ ሰዉ ቤተሰቡን ለመሰብሰብ ሲል የቤተሰቡን አገር ዜግነት ይተው ነበር። ከዚያ ለበዓል ወይም ለቀብር ሲመለስ በአባቱ ቀዬ የውጭ ዜጋ ነው። መሬት ቢወርስም እንደ ልቡ ሊገዛ አይችልም፤ በትውልድ ፊሊፒንሳዊ ለነበረ ሰው ሕጉ ለመኖሪያ የሚፈቅድለት ከተማ ላይ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ገጠር ላይ አንድ ሄክታር ብቻ ነበር። የባሕር ማዶ ፊሊፒንሳውያን በዓመት የሚልኩት ገንዘብ ዛሬ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ እነዚህን ሰዎች ደጅ ላይ ማቆም ለመንግሥትም የሚያዋጣ አልነበረም።

እንቅፋቱ ሕገ መንግሥቱ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የዜጎች ድርብ ታማኝነት የአገርን ጥቅም የሚጻረር ስለሆነ በሕግ እልባት ይሰጠዋል ይላል። መንገዱን የጠረገው አንድ የፊልም ተዋናይ ነው ማለት ይቻላል። ኤዱ ማንዛኖ ከፊሊፒንሳውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ፣ በ1998 የማካቲ ከተማ ምክትል ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ጥምር ዜጋ ነው ተብሎ ሲከሰስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ሁለቱን ነገሮች ለያያቸው፦ ጥምር ዜግነት የሁለት አገር ሕጎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ሳይጠይቀውም የሚመጣ ነው፤ ድርብ ታማኝነት ግን ሰውየው በራሱ ድርጊት የሚገባበት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚጠላው ሁለተኛውን ነው።

9225 ራሱ በዚሁ ክርክር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ2007 የተሰጠው መልስ በአጭሩ ሲነገር፣ ሰውየው ለፊሊፒንስ ምሏል፤ ከሌላው አገር ጋር ያለው ጉዳይ የዚያ አገር ጣጣ ነው የሚል ነው። ብልጠት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክፉ ብልጠት ግን አይደለም። ሕጉም ሲጻፍ መሐለኛው ዜግነቱን «እንዳላጣ ይቆጠራል» በሚል መንፈስ ነው የተዘጋጀው፤ ለዚህ ነው አሠራሩ አዲስ ዜግነት እንደ መስጠት ያልከበደው።

ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እዚህ ላይ የራሳቸውን ማስታወሳቸው አይቀርም። 9225 በወጣበት በ2003 ማብቂያ የእኛም አዲሱ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378/1996 (ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ወጣ፤ የእኛው በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል አለ። በምትኩ ቢጫ ካርድ አለ፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ድምፅ ግን አያሰጥም። ሁለቱም አገሮች የስደተኛ ልጆቻቸውን ገንዘብና እውቀት ይፈልጋሉ። አንዱ ዜግነቱን መለሰ፣ ሌላው ካርድ ሰጠ።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ከኢሎኢሎ ተነስታ በ1995 ግሪን ካርድ ይዛ ቺካጎ የገባች ነርስ አለች እንበል። አሜሪካዊ አግብታ በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በ2001 ሲቲዝን ሆነች። በ2003 ወንድ ልጅ ተከተለ። ነርሷ በ2022፣ ጡረታዋን ማሰብ ስትጀምር፣ ቆንስላ ሄዳ ማለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከአራቱ ፊሊፒንሳዊ ማን ነው?

እናትየው ከመሐላው ጀምሮ ዜጋ ናት። ሴት ልጇ ደግሞ መሐላ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፤ የተወለደች ዕለት እናቷ ገና ፊሊፒንሳዊት ስለነበረች ከልደቷ ጀምሮ ጥምር ዜጋ ናት። የጎደላት ወረቀት ነው። ልደቷን በቆንስላው በኩል ለፊሊፒንስ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ፓስፖርት ማውጣት። ምዝገባው ቢዘገይም የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ አያይዞ ማቅረብ ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ለ9225 ማመልከት ያለባቸው ይመስላቸዋል።

ወንድ ልጇ ሲወለድ ግን እናቱ አሜሪካዊት ብቻ ነበረች። ሕጉ የመሐለኛውን ልጆች አብሮ ያስገባል፤ በጋብቻ የተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የመጣ ብሎ አይለይም። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል፦ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ይሁን፣ ያላገባ ይሁን። በ2022 ልጁ 19 ዓመቱ ነው። እናቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድማ ብትምል ኖሮ በእርሷ ማመልከቻ ላይ ስሙ ተጨምሮ ያልቅ ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል። የመሐላው የራሱ የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንትም ይምላል። እናትየው ለራሷ አልዘገየችም ማለት ነው፤ የዘገየችው ለልጁ ነው። በእኔ አስተያየት የሕጉ ደካማ ጎን ይህ ነው። ወላጅ ወደ አገሩ ማሰብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነውና።

ባልየውን 9225 አያውቀውም። ድሮ ፊሊፒንሳዊ የነበረ ቢሆን ኖሮ ራሱ መማል ይችል ነበር፤ አሜሪካዊ ሆኖ ስለተወለደ ግን የሚኖረው መንገድ ቪዛ ነው። በ1940ው የፊሊፒንስ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 13(ሀ) የፊሊፒንስ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ እንዲሁም ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ መጀመሪያ በአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ፣ ከዚያ በቋሚነት መኖር ይችላል። ለአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጠባብ መተላለፊያ ቀርታለታለች ማለት ነው።

በዕድሜ ገፋ ላሉት ደግሞ ሌላ ቀን አለ፦ ጃንዋሪ 17 ቀን 1973። ከዚያ በፊት በሥራ ላይ የነበረው የ1935ቱ ሕገ መንግሥት ዜግነትን የሚያወርሰው በአባት ነበር። የውጭ አገር ሰው ያገባች ፊሊፒንሳዊት የወለደችው ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ፊሊፒንሳዊነትን በይፋ መምረጥ ነበረበት። በክላርክ አየር ኃይልና በሱቢክ የባሕር ኃይል ሰፈሮች ዙሪያ ከአሜሪካ ወታደሮችና ከፊሊፒንሳውያት ሚስቶቻቸው የተወለዱ ብዙ ሰዎችን የሚመለከት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የተወለደ ልጅ እናቱም አባቱም እኩል ያወርሱታል።

ዜግነቱ ሲመለስ መሬት የመግዛት ገደቡ ይነሳል። ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ በውጭ የሚኖሩ ፊሊፒንሳውያን መጀመሪያ የመረጡት በ2004 ሲሆን፣ በ2025 ምርጫ ብዙዎቹ በኢንተርኔት መርጠዋል። ግብሩ አያስፈራም፤ ፊሊፒንስ በውጭ ከሚኖር ዜጋዋ የምትቀበለው አገር ውስጥ ካገኘው ገቢ ላይ ብቻ ነው። ለምርጫ መወዳደር ሲመጣ ግን ሕጉ ፊቱን ያጠቁራል፤ ተወዳዳሪው የሌላውን አገር ዜግነት በመሐላ መካድ አለበት። ፖለቲከኛዋ ግሬስ ፖ በ2006 ፊሊፒንሳዊነቷን መልሳ፣ በ2010 አሜሪካዊነቷን ክዳ፣ ለ2016ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ስትቀርብ ጉዳይዋ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው የተፈቀደላት።

ከሁሉ የሚያስተምረው የሮመል አርናዶ ጉዳይ ነው። በደቡብ ፊሊፒንስ፣ ላናኦ ዴል ኖርቴ ውስጥ፣ የካውስዋጋን ከንቲባ ሆኖ በ2010 ተመረጠ። ምሏል፤ አሜሪካዊነቱንም በጽሑፍ ክዷል። ከካደ በኋላ ግን በአሜሪካ ፓስፖርቱ ተጓዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 የካደውን ዜግነት በጉዞው መልሶ ወስዷል ብሎ ወንበሩን አሳጣው። ለተራ መንገደኛ እንዲህ ያለ አደጋ የለም፤ ለፖለቲከኛ ግን በመግቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ፓስፖርት ከመሐላ እኩል ይመዝናል።

ሌላው አገር ምን ይላል የሚለውም መታለፍ የለበትም፤ 9225 የሚናገረው በፊሊፒንስ በኩል ስላለው ብቻ ነው። አሜሪካና ካናዳ አይቃወሙም። ስፔን በጥንቱ የቅኝ ግዛት ትስስር ፊሊፒንሳውያንን ከሁለት ዓመት ነዋሪነት በኋላ ዜጋ ታደርጋለች፣ የቀድሞውንም ተዉ አትልም። ጀርመን ከጁን 2024 ጀምሮ ፈቅዳለች። ጃፓን ግን በራሱ ፈቃድ የውጭ ዜግነት የያዘ ጃፓናዊ ዜግነቱን ያጣል ትላለች፤ ቶኪዮ የሚኖር የቀድሞ ፊሊፒንሳዊ ከመማሉ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። አሜሪካ ዜጋዋ በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲወጣና እንዲገባ በሕግ ታስገድዳለች። ማኒላ ላይ ጥምር ዜጋው የፊሊፒንስ ፓስፖርቱን ያሳያል፤ ካላወጣ ደግሞ የአሜሪካውን ከጥምር ዜግነት ሰነዱ ጋር። ስለዚህ ሁለቱንም ይዞ መጓዝ ነው። በሁለቱ ላይ ያለው ስም አንድ ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ ላይ የአባቷ፣ ሌላው ላይ የባሏ ስም የተጻፈባት ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን አትርሳ። ከመድረስ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ኢትራቭል በሚባለው የመንግሥት መመዝገቢያ መመዝገብም ግድ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ዜግነቱ ያልተመለሰለት የቤተሰብ አባል ደግሞ «ባሊክባያን» የተባለው የተመላሾች መብት አለው። በ1989 ወጥቶ በ2002 የተሻሻለው ይህ ሕግ ለቀድሞ ፊሊፒንሳዊ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ያለ ቪዛ አንድ ዓመት ይሰጣል። ቢያንስ አንድ ዓመት ከአገር ርቆ የቆየ ዜጋም ቤተሰቡን ይዞ በዚሁ ይገባል። ዝምድናውን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ፣ መግቢያው ላይ መብቱን በስሙ መጥራት ይበጃል፤ ዝም ካሉ የቱሪስቱ 30 ቀን ሊመታ ይችላል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ጋር ብቻ ሲላክ ደግሞ የወላጅ የፈቃድ ቃል በጽሑፍ፣ ከኢሚግሬሽንም ልዩ ፈቃድ ይጠየቅለታል። ልጁ የፊሊፒንስ ፓስፖርት ካለው ይህ አይመለከተውም፤ አገሩ እየገባ ነውና።

የባሊክባያን ዋና ቅድመ ሁኔታ አብሮ መጓዝ ነው። የነርሷ ባልና ወንድ ልጅ አንድ ዓመት የሚፈቀድላቸው ከእርሷ ጋር ሲገቡ ነው። ልጁ 21 ዓመት ሞልቶት የአንቀጽ 13 ዕድሉ ካለፈ በኋላ ረጅም ቆይታ ሲፈልግ የሚተማመነው በእናቱ ትኬት ላይ ነው፤ ብቻውን የሄደ ዕለት እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ጎብኚ 30 ቀን ይመታለታል፣ ማራዘሚያውንም እየከፈለ ይቆያል። እህቱ በዚያው በረራ ብትሄድ በዜጎች ሰልፍ ታልፋለች።