የክፈፍ ማጥበቂያ ገበታ አሠራር

በሩ አልገጥም ያለ ቁም ሣጥን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው ማጠፊያውን ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የፊት ክፈፉ ሊሆን ይችላል። የፊት ክፈፍ የምንለው በሣጥኑ አፍ ዙሪያ የሚገጠመውን፣ ከሁለት ቋሚና ከሁለት አግዳሚ እንጨት የሚሠራውን ነው። ይህ ክፈፍ ኮላው ሲደርቅ ጥቂት እንኳ ተጣሞ ከሆነ ከዚያ በኋላ መላጊያም መዶሻም አያቃናውም።

እኛም ይህን ያወቅነው ለክፍላችን የመጻሕፍት ሣጥን ስንሠራ ነው። የነበሩን ሞርሳዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ የቀሩትን መጋጠሚያዎች በሲባጎ ጠፍረን አሰርናቸው። በማግስቱ ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ብንለካ አንደኛው ከሌላው 9 ሚሊ ሜትር በልጦ ተገኘ። ኮላው አልለቅ ስላለ ክፈፉን በመጋዝ ቆርጠን ጣልነው። እንጨቱም ዋንዛ ነበር!

ከዚህ በኋላ ነው ገበታውን የሠራነው። 120 በ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ያልጎበጠ ወፍራም ችፑድ ወስደን በሁለት ጠርዞቹ ላይ ቀጥ ያሉ ሁለት ዘንጎች አጋጥመን በብሎን አሰርን። ሚስማር ያልተጠቀምንበት ምክንያት ችፑድ ግፊት ሲበዛበት ሚስማር ስለማይዝ ነው። ሁለቱ ዘንጎች የሚገናኙበት ማዕዘን በትክክል 90 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ ከማዕዘኑ ጀምረን በአንዱ ዘንግ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ለክተን ምልክት አደረግን። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሆኖ ከተገኘ ማዕዘኑ ልክ ነው። (የሒሳብ መምህራችን የፓይታጎረስ ሕግ ከፈተና ወረቀት ውጭም እንደሚሠራ ማወቃችንን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።)

በዘንጎቹ ትይዩ በየ 10 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ በስተን፣ እንደ ክፈፉ መጠን የሚዘዋወሩ ጉማጆች በብሎን እናስራለን። በጉማጁና በክፈፉ መካከል ሽብልቅ ይገባል፤ ይኸውም ሁልጊዜ ሁለት ሁለት፣ ቀጭኑ ጫፍ ከወፍራሙ ፊት ለፊት ሆኖ ነው። አንድ ብቻ የገባ እንደሆነ ሲመታ ክፈፉን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ቀጥታ ይገፋሉ። የእኛ ሽብልቆች በ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 1 ሳንቲ ሜትር ይወፍራሉ፤ ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ብንመታው ክፈፉ የሚገፋው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ በቀስታ መምታት ይበቃል፤ ከመጠን ያለፈ ጥብቀት ኮላውን ከመጋጠሚያው ጨምቆ ያወጣዋል።

ሽብልቆቹ የሚቀመጡት በአግዳሚዎቹ ጫፍ አንጻር ነው። በቋሚው እንጨት መካከል ከገቡ ግን እንጨቱን ያጎብጡታል።

ኮላ ከመቀባቱ በፊት መጋጠሚያዎቹ በሚያርፉበት ቦታ ገበታውን ሻማ ማሸት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክፈፉና ገበታው አብረው ይጣበቃሉ። ሽብልቁ ከጠበቀ በኋላ ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፎች መለካት፣ ክፈፉ ወደ ላይ ከተነሣም ድንጋይ መጫን ነው። በነጭ የእንጨት ኮላ የተጣበቀውን እኛ ቢያንስ አንድ ሰዓት አንነካውም፤ መላጊያ የምናሳርፍበትም በማግስቱ ነው።

በገበታው ላይ የተሠራው ሁለተኛው ክፈፍ ሲለካ በሰያፎቹ መካከል የተገኘው ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር አልሞላም። ሣጥኑ አሁን በክፍላችን በስተኋላ ቆሟል፤ በሩም በአንድ ጣት ይዘጋል።