ከሩጫ ሜዳ እስከ ሥራ መሪነት፤ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕይወት
በሁሩታና በአካባቢዋ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሡትን ሕፃናት ስንመለከት፥ ከዚሁ ከአርሲ ምድር የተነሡትን ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እናስታውሳለን። የሕይወታቸው ታሪክ ለወላጅም ለልጅም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ በአጭሩ እናቀርበዋለን።

ሻለቃ ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ከዐሥር ልጆችም አንዱ ናቸው። ትምህርት ቤታቸው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበር በሩጫ ይመላለሱ ነበር። ደብተራቸውን አቅፈው መሮጥ በመልመዳቸውም፥ ካደጉ በኋላ በውድድር ሜዳ ሳይቀር ግራ ክንዳቸው እንደ ታጠፈ ይታይ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ድል ማድረጉን በሬዲዮ ሲሰሙ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ግን ሩጫ እንጀራ ይሆናል ብለው አላመኑም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደሙት ከአንድ ሰከንድ ከመቶ 9 እጅ ብቻ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መባቻም በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ፈጸሙ።

እኛ ግን ከሜዳዩ ይልቅ የምናደንቀው በሩጫ ያገኙትን ገንዘብ ለሥራ ማዋላቸውን ነው። በአዲስ አበባ በባለቤታቸው ስም የተጠራውን ዓለም ሕንፃን አሠሩ፤ በሐዋሳ፥ በዝዋይና በሻሸመኔ ሆቴሎች አቋቋሙ። በ1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች በተሳተፉበት ውድድር የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ከሥራዎቻቸው አንዱ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሯጭን ሰዓት ይፈርድለታል፤ መሪን ግን የሚፈርዱት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከአትሌቶች ወገን ቅሬታ በተነሣ ጊዜ፥ በ2011 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ የቦቆጂዋ ደራርቱ ቱሉም ተተኩ። ወንበርን በጊዜው መልቀቅ ከድል የማያንስ ክብር ነው እንላለን።

ከሁሉ የከፋው ፈተና በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በተነሣው ሁከት የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎቻቸው መቃጠላቸው ነበር። በዚያ ቀን የጠፋው የአንድ ባለጸጋ ንብረት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ሰዎች እንጀራም ነበር። ሻለቃ ኃይሌ ግን ሥራውን አልተዉም፤ ዛሬ ለሁሩታ በምትቀርበው በአዳማም በስማቸው የሚጠራ ሆቴል አለ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ የልጃችሁን ተሰጥዎ ስታዩ ለመከልከል አትቸኩሉ። ነገር ግን ጉልበት ያልፋልና፥ በጉልበቱ ያገኘውን ለሌላው የሚተርፍ ሥራ እንዲያደርገው ከልጅነቱ ጀምራችሁ አስተምሩት።