በብር የተገዛ ማዳበሪያ፣ በሐይቅ የበቀለ እምቦጭ

የእነዋሪን ጤፍና ስንዴ የማያውቅ የእህል ነጋዴ ጥቂት ነው። በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው እነዋሪ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ዙሪያዋን የከበባት ጥቁር የመረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር ለም ይሁን እንጂ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ አቁሮ ይይዛል። ውሃው ካልተጠነፈፈ የስንዴው ሥር ታፍኖ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ከነቤተሰቡ ማሳውን በእጅ እያበጀ ሰፋፊ መደብና ቦይ ማውጣትን ከቆየ ልማዱ ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የመረሬ አፈር የጋራ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች እነዋሪን ከሥራ ቦታዎቻቸው አንዷ ያደረጓትም ይህንኑ ድካም በበሬ በሚጎተት መደብ ማውጫ ለማቃለል ነበር።

ውሃው መውጣት አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይህ ጸሐፊ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ቦዩ የት ያበቃል? ከውሃው ጋር ምን ይወጣል? ሂሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ከማሳ የሚወጣ የክረምት ውሃ ባዶውን አይሄድም። ከዩሪያ የሚገኘው ናይትሮጅን በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል። ፎስፎረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ አፈሩ ሲታጠብ አብሮት ይታጠባል። የማዳበሪያ የዓለም ዋጋ በ2014 ዓ.ም. ሲያሻቅብ ገበሬውም አቅራቢውም እንዴት እንደተጨነቁ ነጋዴ አንባቢያን ያስታውሳሉ። በዚያ ዋጋ የተገዛ ማዳበሪያ ከፊሉ በቦይ ሲወርድ፣ ኪሳራው በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ከእነዋሪ ሜዳ የሚወርደው ውሃ ገደሉን ወርዶ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ወንዝ ሁሉን ይዞ ስለሚሄድ ባለ ማሳው የላከውን ተመልሶ አያየውም። ሐይቅ ግን እንደ ወንዝ አይደለም፤ የገባበትን ይዞ ይቀመጣል። በአማራ ክልል የዚህ ዓይነቱ ዕዳ ተከማችቶ የታየው ጀማ ከሚቀላቀለው ከዚሁ ዓባይ በላይኛው ጫፍ፣ በጣና ሐይቅ ላይ ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ጎድጓዳነት በሌለው ሳሕን ላይ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆን ተፋሰስ የግልገል ዓባይ፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ወንዞች አፈርና ማዳበሪያ ያራግፉበታል። በመገጭ በኩል የጎንደር ከተማ ፍሳሽ ይደርሳል። ባሕር ዳርም ለረጅም ዘመን የተሟላ የፍሳሽ መስመር ሳይኖራት በሐይቁ ዳር ሆቴልና መኖሪያ ስትገነባ የቆየች ከተማ ናት። ቀድሞ ደለሉንና ንጥረ ነገሩን ያጣራ የነበረው የዳርቻው ደንገልና ረግረግ ደግሞ በእርሻና በግጦሽ እየሳሳ ሄዷል።

ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ታየ። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ታውቆ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተስፋፋ። ይህ አረም ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን መጣል አቃተው፤ ጀልባው መንገድ አጣ፤ ከብቱ ግጦሽ፣ ገበሬው የሩዝ ማሳ ተወሰደበት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በብዙ ሕዝብ ጉልበት ሰፊ የማስወገድ ዘመቻ ተካሂዷል። ዘመቻው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እምቦጩን የሚቀልበው ንጥረ ነገር በየክረምቱ እየገባ አረሙን ብቻ ማጨድ፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህንን አንዱ ሳይከፍለው በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ወጪ ይለዋል። አፈሩ የታጠበው በላይኛው ተዳፋት ሲሆን፣ ከፋዩ የታችኛው ዓሣ አጥማጅ ነው። የሆቴሉ ፍሳሽ ለጊዜው ወጪ ቆጥቧል፤ ነገር ግን ሆቴሉ ለእንግዳው የሚሸጠው ያንኑ ሐይቅ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ስሙ ለቱሪዝም ገበያ ዋጋ ጨምሯል። ይሁን እንጂ የተበላሸ ውሃ በምስክር ወረቀት አይሸጥም።

ሂሳቡን አስቀድሞ የሠራ ከተማ አለ። ኒው ዮርክ ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች የምታገኘውን የመጠጥ ውሃ የሚያጣራ ግዙፍ ጣቢያ ለመሥራት ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስፈልጋት ተገምቶ ነበር። ከተማዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በላይኛው ተፋሰስ ካሉ ማኅበረሰቦች ጋር ተስማምታ፣ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መሬት መግዛትን፣ የገጠር ከተሞችን ፍሳሽ ማስተካከልንና ለገበሬው ጥበቃ መክፈልን መረጠች። ይህን ያደረገችው ለጽድቅ ብላ ሳይሆን ርካሹን መንገድ መርጣ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። የጎደለው ሂሳቡ ከሥራው በፊት መያዙ ነው። በሐይቅ ዳር የሚገነባ ባለሀብት የፍሳሽ ማጣሪያውን እንደ ጣሪያና እንደ መሠረት ከግንባታው ወጪ ጋር ቢቆጥረው፣ የደንገሉንም ዳርቻ ሳይነካ ቢተወው፣ የነገ ገበያውን ዛሬ ገዛ ማለት ነው። በተዳፋቱ ላይ እርከን፣ በቦዩ መውጫ ላይ የሣር መስመር፣ ማዳበሪያንም በአንድ ጊዜ ከመበተን በየጊዜው ከፋፍሎ መጨመር፣ ሁሉም ከማጨጃ ማሽን ያነሰ ዋጋ አላቸው።

ወደ እነዋሪ እንመለስ። እነዋሪ ሐይቅ የላትም፤ ስለዚህ እምቦጭ አይከሳትም። ቦዩ የሚወርድበት ቦረቦር ግን በየዓመቱ እየሰፋ ማሳውን ይበላል፤ የጥቁሩ አፈርም መጠን የተወሰነ ነው። የጅሩን እህል የሚገዛ ነጋዴ የሚገዛው ከእህሉ ጀርባ ያለውን አፈር ጭምር ነው። ቦዩ የት እንደሚያበቃ መጠየቅ ለገበሬው ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ወጪውን ከመዝገቡ ያስቀረ ሰው በሌላ ገጽ ላይ ዕዳ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጣና ዳር ያሉት ይህን ካወቁ ሰንብተዋል።