ጠያቂና አስታማሚ፦ የሆስፒታል በር ሥርዓት

በሆስፒታል በር የሚያልፍ ዘመድ ሁለት ዓይነት ነው፦ ጠያቂና አስታማሚ። ጠያቂ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ትንሽ ተጫውቶ ይወጣል። አስታማሚ ግን አብሮ ገብቶ አብሮ ያድራል። በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ለአንድ ተኝቶ ታካሚ አንድ አስታማሚ መፍቀድ የተለመደ ነው። ብዙ ቦታ የአስታማሚ ካርድ ይሰጣል፤ እህት ካርዱን በር ላይ ለወንድሟ አስረክባ ስትወጣ እሱ በተራው ይገባል።

አስታማሚውን እንደ ትርፍ ሰው የሚያይ ሰው ዋርድ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ነርሶቹ ጥቂት ናቸው፣ ታማሚው ብዙ ነው። ታማሚውን የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ የታዘዘ መድኃኒት ግቢ ውስጥ ሲጠፋ ከተማውን ዞሮ የሚገዛው፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። ሲደክመው ወንበር ላይ ወይም መሬት ላይ ጋቢውን ለብሶ ጋደም ይላል። ስለዚህ ሰዓት የሚገደበው ለጠያቂው እንጂ ለአስታማሚው አይደለም።

የሕሙማን መጠየቂያ ሰዓት ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። ብዙዎቹ በምሳ ሰዓትና ወደ ማታ ከሥራ መውጫ በኋላ ይከፍታሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰፋ የሚያደርጉም አሉ። ጠዋት የማይፈቀደው ጠዋት የሐኪሞቹ ስለሆነ ነው። ራውንድ ይወጣሉ፤ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ እያንዳንዱን ታማሚ ያያሉ። እንደ ጥቁር አንበሳ ባለ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስፔሻሊስቱን ሬዚደንቶች፣ ኢንተርኖችና ተማሪዎች ይከተሉታል። ብርድ ልብሱ ይገለጣል፣ ቁስሉ ይፈታል፣ የበሽታው ታሪክ በድምፅ ይነገራል። ስድስትና ስምንት አልጋ በተደረደረበት ክፍል እህቴን ልጠይቅ የገባሁ ሰው የማላውቃትን ሴት ገላ አያለሁ፣ የማላውቀውን ሰው የምርመራ ውጤት እሰማለሁ። እዚያ ክፍል የአንዱ ጠያቂ የስምንቱም ጠያቂ ነው። የበሩ ሕግ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

እኛ ደግሞ ብዙ ሆነን እንሄዳለን። የታመመ መጠየቅ ለክርስቲያኑ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን ከሚታሰቡት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለሙስሊሙም ወንድሙ በሱ ላይ ካለው ሐቅ ይቆጠራል። የእድር፣ የማኅበርና የመሥሪያ ቤት ሰው ተጠራርቶ ይመጣል። ያልጠየቀ ሰው በኋላ ይታማል። ይህ ልማድ ብዙ ሰው ከብቸኝነት አድኗል፤ አንድም ቀን እንዲቀር አልመኝም። ዐሥር ሰው በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም ግን ታማሚው ለሁሉም ሕመሙን ከመጀመሪያው ይተርካል። «እንዴት ጀመረህ?» ሲባል ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ሌላ ይገባና እንደገና ይጀምራል። እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ያደገ ሰው ደግሞ ሕመሙ እያስጨነቀውም ቀና ብሎ ለመቀመጥ ይታገላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ የሚባለው እንዲያርፍ ነው።

ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል፣ አጥሚት በፔርሙዝ፣ ወጥ በምሳ ዕቃ ተይዞ ይመጣል። በበር ላይ ካሉት ሕጎች ሁሉ ሰው በጣም የሚከፋበት የምግቡ ክልከላ ነው፤ ምክንያቱ በጣም የሚከብደውም እሱ ነው። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙን በሽንት ማስወጣት ያቅተዋል፤ ደሙ ውስጥ ሲከማች የልብ ምቱን ያዛባል፣ ልብን እስከ ማቆምም ይደርሳል። ልቡ ለደከመ ሰው ጨው ይቀነሳል፤ የሚጠጣው ውኃ እንኳ በልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስኳር ላለበት ሰው የታሸገ ጁስ ፍቅር አይሆንም። ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ቀድሞ ከምግብ እንዲከለከል የሚደረገው በማደንዘዣ ሲተኛ ጨጓራው ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው እንዳይገባ ነው። አክስት ግን «አንጀቱ ታጥፎ እንዴት ይቀደዳል?» ብላ ሾርባ ታቀምሰዋለች። ሐኪሙ ሲሰማ ቀዶ ሕክምናው ይተላለፋል፤ ወራት የተጠበቀ ተራ በአንድ ኩባያ ይጠፋል። ጠበልም ቢሆን ምንም በአፉ እንዳይገባ ለተባለ ሰው ከማጠጣት በፊት ነርሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቴ ተነሥቼ ነው። አባቴ ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በተኛ ጊዜ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀት ለጊዜው ሥራ ያቆማል፤ ሐኪሞቹ በየጠዋቱ «አየር ወጥቷል?» እያሉ የሚጠይቁት መንቀሳቀስ መጀመሩን ለማወቅ ነው። አልወጣለትም ነበር፤ ምግብም አልተፈቀደለትም። በመጠየቂያ ሰዓት አንዲት ትልቅ ዘመዳችን አጥሚት ይዘው መጡና በማንኪያ ያጠጡት ጀመር። ክልከላውን አውቃለሁ። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። አባቴ ያን ሌሊት ሲያስመልሰው አደረ፤ በተሰፋ ሆዱ ባስታወከ ቁጥር የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሳቸው ከፍቅር በቀር ምንም አላጠፉም፤ «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎታል» ማለት የኔ ድርሻ ነበር።

ስለ መስኮትም ልንገርዎት። ሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል መስኮት ክፍት መሆን አለበት። ተሕዋሲው በሳል ወጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከመስኮት መስኮት የሚያልፍ ነፋስ ያሳሳዋል፣ ያወጣዋል። የኛ ጠያቂ ግን ገና ሲገባ «ብርድ ሊመታው ነው» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ለበረደው ሰው ጋቢ ይደርቡለት፤ መስኮቱን ይተዉት።

ሕፃናትን ይዞ መግባት ብዙ ቦታ ክልክል ነው። ልጆች ጉንፋንና የመሳሰለውን በቀላሉ ይዘው ይገባሉ፣ ከዋርዱም ይዘው ይወጣሉ። የታመመው ልጅ ራሱ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእንግሊዝ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ብዙ ሆስፒታሎች ወላጆችን ከልጆቻቸው የሚያገናኙት ለአጭር ጊዜ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር፤ ልጁ እናቱን ካላየ ቶሎ ይለምዳል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ተመራማሪ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ከእናቷ ተለይታ ስትሰነብት የሚያሳይ ፊልም አወጣ። የልጅቷ ዝምታ መልመድ ሳይሆን ሐዘን መሆኑን ፊልሙ አሳየ። በ1959 እዚያው እንግሊዝ በሆስፒታል ስለሚተኙ ልጆች የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች በማንኛውም ሰዓት እንዲገቡ፣ እናትም ከልጇ ጋር እንድታድር መከረ። እነሱ በጥናትና በክርክር የደረሱበትን የኛ እናቶች መጀመሪያውኑ ያደርጉት ነበር፤ ልጇን አልጋ ላይ ትታ የምትሄድ እናት በዋርዶቻችን አይቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ደግሞ የእናቱ ደረት ራሱ ሕክምና ነው፤ ቆዳ ለቆዳ ታቅፋው ሙቀቷን ትሰጠዋለች። እሷን ጠያቂ ብሎ ሰዓት መቁረጥ ስሕተት ነው።

የማልስማማው ከሕጉ ሳይሆን ከአነጋገሩ ጋር ነው። ከሩቅ ገጠር በአውቶቡስ አድረው፣ በሶና ጩቆ ቋጥረው ለደረሱ አዛውንት «አባባ፣ ሰዓት አልደረሰም» ብቻ ብሎ መመለስ ጭካኔ ነው። ጥበቃው ግን ምን ያድርግ? ከሰዓቱ በቀር የተነገረው ምክንያት የለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰደበውም እሱ ነው። ለሩቅ መንገደኛ በክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፈቃድ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ይቻላል፤ ይህን መወሰን የሚችል ሰው ስሙ በር ላይ መታወቅ አለበት። ለሚያጣጥር ታማሚማ ሰዓት ሊኖር አይገባም። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገብቶ በሮች ሲዘጉ ስንት ሰው ወላጁን በስልክ ድምፅ ብቻ ተሰናበተ። ያን ጊዜ ወረርሽኙ አስገድዶን ነበር፤ ዛሬ የሚያስገድደን የለም።

ሆስፒታሎች፣ እባካችሁ ከሰዓቱ ሥር ምክንያቱንም ጻፉ፤ በአካባቢው ሰው ቋንቋ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል። ጠያቂው ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ለአስታማሚው ይደውልና ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በስንት ሰዓት ልምጣ? ምን ይፈቀድለታል? አንተስ ምን ይምጣልህ? የመጨረሻውን የሚጠይቅ ሰው ብዙም የለም፤ ያልበላውና ያልተኛው እሱ ሆኖ ሳለ። ሲደርሱ እጅዎን ይታጠቡ፣ ታማሚው አልጋ ላይ አይቀመጡ፣ መርዶ ካለም እዚያ አያውሩ። ጉንፋን ከያዘዎት ግን ዛሬ አይሂዱ፤ ስልክ ደውለው «እግዜር ይማርህ» ይበሉት።